አያሳክክም አለኝ

ሰኔ ላይ ነው፣ ከሰአት በኋላ። ጅማን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ዝናቡ ሲጀምር ቆርቆሮው ላይ ጠጠር የሚደፋ ነው የሚመስለው፣ ሰው ሁሉ ያገኘው በረንዳ ስር ይሸጎጣል፣ ባጃጆቹ ሸራቸውን ይጥላሉ። እኔ መርካቶ አካባቢ ያለች ትንሽ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሰራው። ጋሼ እየሮጠ ገባ። ጋሼ የምለው ታላቅ ወንድሜን ነው፣ እናቴ ቤት ያደግነው ልጆች ማናችንም ስሙን አንጠራም፣ ጋሼ ነው በቃ። ቡና አቅራቢ ነው፣ አጋሮ፣ ጌራ፣ ሊሙ እየዞረ ጀንፈል ይገዛል፣ አስፈልፍሎ ወደ አዲስ አበባ ይጭናል፣ እኔን ያስተማረኝ እሱ ነው፣ ኮሌጅ ስገባ ፍራሽ በጀርባው ተሸክሞ ዶርም ድረስ ያደረሰኝ እሱ ነው።

ሁለት እጁን ባንኮኒው መስታወት ላይ ዘረጋና "ሚጣ፣ እስኪ ይሄን እዪልኝ" አለኝ። መዳፉ ላይ ነጠብጣብ አለ። ምስር የሚያካክል፣ ቀላ ብሎ ወደ ቡኒ የሚሄድ፣ አንዳንዱ ጠርዙ ላይ ቅርፍ ቅርፍ ያለ። በጣቴ ነካሁት፣ ብዙም አልወጣም፣ ከቆዳው እኩል ነው። "ያሳክካል?" አልኩት። "አያሳክክም፣ የጀንፈል አቧራ ይሆናላ" አለኝ። ክሎትሪማዞል የሚባል የፈንገስ ቅባት አወጣሁና በቀን ሁለቴ ተቀባ ብዬ ሰጠሁት፣ አልቀበልህም ብለውም ሂሳቡን አስቀምጦ ሄደ፣ ዝናቡ እስኪያባራ እንኳን አልቆየም።

አሁን ላይ ሆኜ ስጽፈው ቃሉን በግልጽ ልጥራው፣ ቂጥኝ ነበር። መዳፍና የእግር መርገጫ ላይ የሚወጣ፣ የማያሳክክ ሽፍታ ሲያጋጥማችሁ በመጀመሪያ ቂጥኝን አስቡ ተብለን ነው የተማርነው፣ ፎቶው ሳይቀር አሁንም ድረስ ትዝ ይለኛል። ሌላ ደንበኛ ቢሆን ምናልባት እጠይቀው ነበር። ጋሼን ግን "እግርህ ስር ጋስ አለ?" እንኳን አላልኩትም፣ ምክንያቱም ያቺ ጥያቄ ሌላ ጥያቄ ትወልዳለች፣ ሌላኛዋን ደግሞ እህት ታላቅ ወንድሟን አትጠይቅም። የፈንገስ ቢሆን ኖሮ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ያሳክካል። "አያሳክክም" ሲለኝ መልሱን ሰጥቶኝ ነበር።

ይሄን ጽሑፍ ጋሼም ሚስቱም አንብበው ፈቅደውልኛል፣ ስም እንዳልጠቅስ ብቻ ነው የጠየቁኝ። እንደውም ጻፊው ያለችኝ እሷ ናት።

ቂጥኝ የሚለው ቃል ራሱ ከባድ ነው እኮ። "ቂጥኛም" ስድብ ነው፣ ሰፈር ውስጥ ልጆች ሲጣሉ ትርጉሙን ሳያውቁት ይሰዳደቡበታል፣ እኔም ተሰድቤበት አውቃለሁ። ከስኳር፣ ከደም ግፊት፣ ከካንሰር ስም ስድብ አልወጣም፣ ከዚህ ግን ወጣ። ወሸባ የሚለውንም ቃል አስቡት። አብዛኞቻችን የሰማነው በኮቪድ ጊዜ ነው፣ ለይቶ ማቆያ ለማለት። ቃሉ ግን ከዛ በፊት የቂጥኝ ቃል ነበር። ድሮ የያዘው ሰው ዑሽባ የሚባል ስር እየተፈላለት፣ ከሰው ተለይቶ፣ ምግቡ ተመርጦለት ቤት ተዘግቶበት ይከርማል፣ "እገሌ ወሸባ ገባ" ከተባለ ጎረቤቱ ሁሉ ይገባዋል፣ ማንም ምን ሆኖ ነው ብሎ አይጠይቅም። ስሩ ባክቴሪያውን የሚገድል አልነበረም፣ ግን ይሄ በሽታ ተንኮለኛ ነው፣ ቁስሉም ሽፍታውም መድሃኒት ባይወሰድም በራሱ ጊዜ ይጠፋል፣ ስለዚህ ወሸባ የገባው ሰው ድኜ ወጣሁ ብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል፣ በሽታው ደግሞ ውስጥ ይቀመጣል።

ጋሼም እንደዛ ነው የሆነው። በኋላ እንደነገረኝ ሚያዝያ ላይ አንዲት ቁስል ወጥታበት ነበር፣ የማታምም፣ ጠንከር ያለች። መድሃኒት ሳይገዛላት አንድ ወር ሳይሞላት ጠፋች። ጠፋች ብሎ ተወው።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ እታለም ደወለችልኝ። የጋሼ ሚስት ናት፣ ከገባችበት ቀን ጀምሮ እታለም ነው የምንላት። "ጠዋት ሲነሳ ፊቱን ንብ የነደፈው ነው የሚመስለው፣ ማታ ደግሞ እብጠቱ እግሩ ላይ ይወርዳል" አለችኝ። ሄጄ አየሁት። ካልሲው ቁርጭምጭሚቱ ላይ በገመድ የታሰረ የሚመስል መስመር ሰርቶበታል። ቅልጥሙ ላይ አውራ ጣቴን ጫን አድርጌ አነሳሁት፣ ጎድጓዳው እዛው ቀረ፣ ቀስ ብሎ ነው የሞላው። ከዛ እታለም እያፈረች ሌላ ነገር ነገረችኝ፣ ሽንቱ አረፋ አለው፣ ውሃ ሲደፋበት እንኳን አረፋው አይጠፋም፣ ሳሙና የተበጠበጠ ነው የሚመስለው አለች።

እናታችን ምች ነው አለች፣ ዳማከሴ ጨምቃ አመጣች። ጎረቤት ብርድ ነው አለ። አንዱ ጠበል ውሰዱት፣ ሌላው ደግሞ የሚያውቀው የባህል ሐኪም ስልክ ሰጠን። እኔ ሽንት ይመርመር አልኩ። አንድ ክሊኒክ ሄድን፣ የሽንት ምርመራ ወረቀቷን ነክረው አወጧት፣ የፕሮቲኗ ቦታ ቢጫ መሆን ሲገባት ጥቁር አረንጓዴ ሆነች፣ 4 ፕላስ። እዛው ቆሜ ነው ያየሁት። ሐኪሙ "ኩላሊቱ ነው" አለ። ላሲክስ የሚባል የሚያሸና መድሃኒት ጻፈለት፣ ጨው አቁም አለው፣ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ሪፈር አለን።

"ኩላሊት" የምትለዋ ቃል እኛ ቤት ስትገባ የሆነውን ነገር እንዴት ልንገራችሁ። እኛ አገር ኩላሊት ሲባል ሰው የሚሰማው ዲያሊሲስ ነው፣ ዲያሊሲስ ሲባል ደግሞ ቤት መሸጥ ነው። በሁለት ቀን ውስጥ ወሬው አጋሮ ደረሰ። የእድር ሰዎች መጡ፣ የቡና ሰዎች ተሰብስበው መጡ፣ የአክስቴ ልጅ ከጋሼ ፎቶ ጋር የባንክ ሂሳብ ቁጥር ቴሌግራም ላይ ለቀቀ፣ "ወገኖቼ ወንድማችንን እናድን" ብሎ። አጋሮ ያሉት ትልቁ አጎታችን አንድ በሬያቸውን ሸጠው ብሩን በጋዜጣ ጠቅልለው በሰው ላኩ። እታለም ደግሞ ማንንም ሳታማክር የደም አይነቷን ተመርምራ መጣች። አዲስ አበባ ጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ንቅለ ተከላ እንደሚሰራ፣ ሚስትም መስጠት እንደምትችል ጠይቃ አረጋግጣ ነው የመጣችው። "የሱም የኔም ኦ ነው" አለችኝ፣ ወረቀቱን እያሳየችኝ፣ ደስ ብሏት።

ያን ሁሉ ፍቅር አይቼ አለቀስኩ፣ እውነቴን ነው። አሁን ሳስበው ግን የሚያንገበግበኝ አንድ ነገር አለ፣ ያ ሁሉ ሰው የመጣው "ኩላሊት" ስለተባለ ነው። የኩላሊት በሽተኛ ይጠየቃል፣ ይጸለይለታል፣ ይዋጣለታል። ያው ሰው፣ ያው እብጠት፣ ያው ሽንት፣ ከስር ያለው ስም ቢነገር ኖሮ ስንቱ በር ላይ ይቆም ነበር?

ሆስፒታል ገባን። የ24 ሰአት ሽንት አጠራቅሙ ተባልን። በሃይላንድ ነው ያጠራቀምነው፣ ሁለት ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ፣ በጥቁር ፌስታል ተሸፍኖ አልጋው ስር ይቀመጣል፣ ጋሼ ሰው ሲመጣበት በእግሩ ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ውጤቱ ሲመጣ በቀን ወደ 8 ግራም ፕሮቲን እየወጣው ነው። ጤነኛ ሰው በቀን ከ150 ሚሊግራም በታች ነው የሚወጣው፣ ከ3.5 ግራም ካለፈ ኔፍሮቲክ ሲንድረም የሚባለው ደረጃ ነው። የደሙ ዋና ፕሮቲን፣ አልቡሚን፣ ወርዷል፣ ኮሌስትሮሉ ሽቅብ ሄዷል፣ ኩላሊት ምን ያህል እንደሚያጣራ የሚያሳየው ክሪያቲኒን ግን ብዙም አልተበላሸም።

ይሄን ትንሽ ላብራራው ምክንያቱም ብዙ ሰው ኩላሊት ሰራ ወይ አልሰራ ብቻ ነው የሚመስለው። እያንዳንዱ ኩላሊት ውስጥ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉ፣ ሁለቱም ኩላሊት በቀን ወደ 180 ሊትር ያጣራሉ፣ አብዛኛውን ወደ ደም ይመልሱታል። እህል የምንነፋበትን ወንፊት አስቡት፣ ዱቄቱ ያልፋል እንክርዳዱ ይቀራል። የጋሼ ወንፊት ቀዳዳው ሰፍቶ መቅረት ያለበት ፕሮቲን ከሽንት ጋር ይወርድ ነበር፣ አረፋው እሱ ነው። ፕሮቲን ከደም ሲያልቅ ደግሞ ውሃው ደም ስር ውስጥ መቆየት ያቅተውና ወደ ስጋ ይወጣል፣ እብጠቱ እሱ ነው። ወንፊቱን የሚያበላሹ ብዙ ነገሮች አሉ፣ ስኳር አለ፣ ሉፐስ አለ፣ ሄፓታይተስ ቢ አለ፣ እኛ ጋ ያለ ማዘዣ እንደ ከረሜላ የሚገዛው ዳይክሎፌናክም አንዳንዴ ያደርገዋል። ከነዚህ ውስጥ ቂጥኝ አንዱ ነው፣ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም አይደለም፣ ግን አለ። ሰውነት ባክቴሪያውን ሊዋጋ የሚሰራው አንቲቦዲ ከባክቴሪያው ቅንጣት ጋር ተጣብቆ ማጣሪያው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ ግድግዳው ይወፍራል፣ ይወፍራል ግን ያፈሳል። ሜምብረነስ ኔፍሮፓቲ ይሉታል። በአብዛኛው የሚመጣው በቂጥኙ ሁለተኛ ደረጃ ላይ፣ ልክ ያ የመዳፍ ሽፍታ በሚወጣበት ሰሞን ነው። ሲወለድ ከእናቱ የያዘው ህጻን ላይም በመጀመሪያዎቹ ወራት እንዲሁ እብጠት ሆኖ ሊመጣ ይችላል።

ለሁሉም እብጠት እንደሚደረገው ደሙ ለሄፓታይተስም፣ ለኤችአይቪም፣ የቂጥኝ ምርመራ ለሆነው ለቪዲአርኤልም ተልኮ ነበር። የውጪ ላብራቶሪ ነው የሰራው። ሁሉም ኔጌቲቭ ተባለ፣ ቪዲአርኤሉም ጭምር። ፋይሉ ውስጥ ገባ፣ ተዘጋ። ፕሬድኒሶሎን በብዛት ሊጀምሩለት ነው፣ በሽታ የመከላከል አቅም የሚያዳክም መድሃኒት ማለት ነው፣ ውስጥ ባክቴሪያ ተቀምጦ።

ሊጀመር በነበረበት ዋዜማ ማታ አንድ ሬዚደንት፣ ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማር ሐኪም፣ ተረኛ ሆኖ መጣ፣ በእድሜ ከኔ የሚያንስ ልጅ ነው። ፋይሉን ሳይከፍት የጋሼን እጅ ያዘ። መዳፉን ወደ መብራቱ ገለበጠው። ሽፍታው ደብዝዟል ግን አለ። ከዛ ክርኑን ከውስጥ በኩል፣ ከመታጠፊያው ከፍ ብሎ፣ በሶስት ጣቱ ዳበሰው፣ እዛ ጋ እንደ ባቄላ የምትንቀሳቀስ እጢ አለች፣ ማንም እዛ ጋ ነክቶት አያውቅም። ካልሲውን አውልቆ እግሩን አየ። ከዛ እኛን በትህትና ውጡልኝ አለን።

ውስጥ የተባለውን ጋሼ ነው ከስንት ጊዜ በኋላ የነገረኝ። "ጋሼ፣ እዚህ የምንነጋገረው እዚሁ ይቀራል። ባለፈው ስድስት ወር ከባለቤቶ ውጪ ከሌላ ሰው ጋር ግንኙነት ነበሮት?" ነው ያለው። ጋሼ እንዲህ አለኝ፣ "ከሱ በፊት ሶስት ሐኪም አይቶኛል፣ ሶስቱም አንቱ እያሉ፣ አክብረውኝ፣ አንዳቸውም አልጠየቁኝም። ሲጠይቀኝ መጀመሪያ ጠላሁት። ከዛ ልጄ ሊሆን የሚችል ልጅ ፊት አለቀስኩ፣ ሚጣ፣ አራት ወር ሙሉ የሚጠይቀኝ ሰው ስጠብቅ የነበረ ነው የመሰለኝ።"

እኔ ደጅ ኮሪደሩ ላይ ነበርኩ። ስለ ይሉኝታ ያሰብኩት በዛች ሌሊት ነው። ይሉኝታ ጥሩ ነገር ነው እያልን ነው ያደግነው፣ ጥሩም ነው። ግን ሐኪም ሽበት ያለበትን ባለትዳር ሰው አክብሮ ያቺን ጥያቄ ሲያልፋት፣ እህት አክብራ ስታልፋት፣ ሚስት ስታልፋት፣ ሰውየው ራሱን አክብሮ ሲያልፋት፣ ሁላችንም አክብረነው ኩላሊቱ ፈሰሰ።

ልጁ ሲወጣ "ኔጌቲቭ ነው ተብሏል እኮ" አልኩት። "አውቃለሁ፣ ቀጥኖ ይሰራ" አለኝ። ይሄን እኔም ረስቼው ነበር። አንቲቦዲው ደም ውስጥ ከመጠን በላይ ሲበዛ ምርመራው ላይ መታየት ያለበት መጓጎል አይታይም፣ ኔጌቲቭ ይመስላል፣ ደሙ ተበርዞ ሲሰራ ግን ይወጣል። ፕሮዞን ይባላል፣ የሚያጋጥመውም በአብዛኛው ሁለተኛው ደረጃ ላይ፣ በሽታው በጋለበት ሰአት ነው። ስለዚህ ላብራቶሪውን ዝም ብዬ አልወቅስም፣ "ቂጥኝ እንጠረጥራለን" ብሎ የጻፈላቸው ሰው አልነበረም፣ ጠርጥሩ ካልተባሉ ደግሞ ማን ያበርዛል? በማግስቱ ተበርዞ ተሰራ፣ ፖዘቲቭ፣ እስከ 1:256 ድረስ፣ 256 ጊዜ ተበርዞም ይወጣል ማለት ነው። ትሬፖኒማል የሚባለው ማረጋገጫውም ፖዘቲቭ። ኤችአይቪ ተደግሞ ኔጌቲቭ ሆነ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

መድሃኒቱ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ቤንዛታይን ፔኒሲሊን። የልብ ህመም ላለባቸው ልጆች በየወሩ የሚወጋው፣ እኛ መደርደሪያ ላይ ያለው፣ ውሃ ሲገባበት ወተት የሚመስለው። 2.4 ሚሊዮን ዩኒት፣ ግማሹ አንዱ መቀመጫ ላይ ግማሹ ሌላው ላይ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ሰው በሬ ሸጦ ቴሌግራም ላይ ለምኖ ሊያድነው የነበረ ህመም መድሃኒቱ ከአንድ ኪሎ ቡና የሚረክስ ነው። ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው ዶክሲሳይክሊን ለሁለት ሳምንት ይወስዳል፣ ነፍሰ ጡር ግን ያለ ፔኒሲሊን አይሆንላትም።

ባዮፕሲስ አልኩት ሬዚደንቱን፣ ከኩላሊቱ ናሙና አይወሰድም ወይ? "መጀመሪያ እንውጋውና እንጠብቅ፣ ኩላሊቱ በዚህ ካልተመለሰ ያኔ እንሄድበታለን" አለ። ፕሬድኒሶሎኑ ሳይጀመር ቀረ።

የተወጋ ቀን ማታ ጋሼ ተንቀጠቀጠ። ጥርሱ እስኪጋጭ። ትኩሳቱ 39 አለፈ፣ ራሱን ያመዋል፣ መዳፉ ላይ ደብዝዞ የነበረው ሽፍታ ደምቆ ወጣ። እናቴ "ፔኒሲሊን ገደለብኝ" ብላ ጮኸች፣ ፔኒሲሊን ሰው ይገድላል የሚለውን ሁላችንም ሰምተነዋል። ሬዚደንቱ ቀድሞ ነግሮኝ ስለነበር አልደነገጥኩም ማለት እችል ይሆናል ግን ደንግጫለሁ። ባክቴሪያዎቹ በአንዴ ሲሞቱ ከውስጣቸው የሚወጣው ነገር ነው ሰውነትን የሚያስቆጣው፣ በሰአታት ውስጥ ይጀምራል፣ ባንድ ቀን ውስጥ ያልፋል። ፓራሲታሞል ሰጠሁት፣ ግንባሩን በእርጥብ ፎጣ እየጠረግኩ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ አደርኩ፣ ስልኬ ላይም ሳነብ አደርኩ።

ይሄ ትኩሳት ያሪሽ ሄርክስሃይመር ይባላል፣ በሁለት ሐኪሞች ስም ነው። ካርል ሄርክስሃይመር እ.ኤ.አ. በ1902 ነው የጻፈው፣ ያኔ ገና ባክቴሪያው እንኳን አልታወቀም፣ ሻውዲንና ሆፍማን በርሊን ውስጥ ያገኙት በ1905 ነው። ህክምናው ሜርኩሪ ነበር። እና ሜርኩሪ ራሱ ያንኑ የኩላሊት ወንፊት ያበላሻል፣ ስለዚህ የዛን ጊዜ ሐኪም በሽተኛው ሲያብጥ በሽታው ነው ወይስ መድሃኒቱ ብሎ ግራ ይጋባ ነበር። በ1910 ሳልቫርሳን መጣ፣ እሱም የአርሴኒክ ነው። በ1943 ነው ጆን ማሆኒ አራት ሰው በፔኒሲሊን ያከመው። ጋሼን የሚያንቀጠቅጠው መድሃኒት እንደዚህ ተፈልጎ የተገኘ ነው።

ያን ሌሊት ያነበብኩትና ያልወጣልኝ ግን የታስኪጊው ነው። አሜሪካ፣ አላባማ፣ ከ1932 እስከ 1972፣ አርባ አመት፣ ቂጥኝ ያለባቸው 399 ጥቁር ገበሬዎች መንግስት እያከምኳችሁ ነው እያለ ሳያክማቸው ሲከታተላቸው ኖረ፣ ፔኒሲሊን ከመጣ በኋላ እንኳን ከለከሏቸው። ሰዎቹ ምን አለባችሁ እንደተባሉ ታውቃላችሁ? "መጥፎ ደም"። ስሙን አልነገሯቸውም። ጋሼን እያየሁ ይሄን ሳነብ ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ ትንሽ ቆምኩ። እኛ የማንንም መድሃኒት አልከለከልንም፣ አንድ አይነት ነገር ነው ማለቴም አይደለም። ግን ስሙ ያልተነገረ በሽታ አይታከምም፣ በክፋትም ይደበቅ በፍቅር።

ንጋት ላይ ላብ አጠመቀው፣ ትኩሳቱ ወረደ፣ ሻይ ጠጣ።

እታለም መነገር ነበረባት። እሷም መመርመርና መታከም አለባት፣ ካልታከመች ደግሞ ዞሮ ለሱ ነው። የመጨረሻ ልጇን ስታረግዝ ክትትል ላይ ተመርምራ ኔጌቲቭ ነበረች፣ ሴት ቢያንስ በእርግዝናዋ ትመረመራለች። ወንድ ግን መቼ ነው የሚመረመረው? ደም ከለገሰ የደም ባንክ ያየዋል፣ ካለበለዚያ ሳያውቅ ይኖራል። ጋሼ "አንቺ ንገሪልኝ" አለኝ። እምቢ አልኩት። በህይወቴ ጋሼን እምቢ ያልኩበት የመጀመሪያ ቀን መሰለኝ።

ራሱ ነገራት። እኔ በሩ አጠገብ ነበርኩ፣ መስማት አልፈለግኩም ግን ሰማሁ። ረጅም ዝምታ ነበር። አልጮኸችም። "ኩላሊቴን ልሰጥህ ተዘጋጅቼ" አለችው፣ "አንተ አንዲት ቃል ነፈግከኝ።" ከዛ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች፣ እኔን አልፋኝ ስትሄድ እጇ ላይ ያ የደም አይነት ወረቀት አለ፣ ተጣጥፎ። እሷም ተመርምራ ፖዘቲቭ ሆነች፣ ምንም ምልክት አልነበራትም። ተወጋች። ሁለት ወር እናቷ ቤት ነበረች። አሁን አብረው ናቸው፣ እንዴት እንደታረቁ የነሱ ነው፣ አልጽፈውም።

ጋሼ ከተወጋ በሶስተኛው ሳምንት ጫማው ገባለት። በስድስተኛው ሳምንት የሽንት ወረቀቷ ከ4 ፕላስ ወደ 1 ፕላስ ወረደች፣ በሶስተኛው ወር ቢጫ ሆነች፣ ንጹህ ቢጫ። ኩላሊት እንዲህ ሲመለስ ማየት ብርቅ ነው፣ ብዙ የኩላሊት በሽታ አይመለስም፣ ይሄኛው ግን መነሻው ሲወገድ ይመለሳል። ቪዲአርኤሉም እየወረደ መጣ፣ በስድስተኛው ወር 1:16። ማረጋገጫው ምርመራ ዕድሜ ልኩን ፖዘቲቭ ሆኖ ሊቀር ይችላል፣ ያ ማለት አልዳነም ማለት አይደለም፣ ይሄን ለሱ ደጋግሜ ማስረዳት ነበረብኝ።

የቀረው ብሩ ነው። የሰው ብር። ጋሼ አንድም ሳያስቀር እመልሳለሁ አለ፣ መለሰም፣ በየቤቱ እየሄደ። ግን ሰው ይጠይቃል፣ "ምን አገኘህ? ማን አዳነህ? የኛም ዘመድ ታሟል ንገረን።" አንዷ ሴትዮ ባሏ ዲያሊሲስ ላይ ነው፣ ስልክ ቁጥር ስጠኝ ብላ አለቀሰችበት። የሷ ባል ሌላ በሽታ ነው፣ ስኳር ነው፣ የጋሼ መድሃኒት አይረዳውም። ግን ይሄን ለማስረዳት ጋሼ የራሱን መናገር አለበት። "ጸሎት ነው" ይላል። ሰው አሜን ይላል። እሱ ቤት ሲገባ ግን ይከፋዋል፣ አመነች እኮ ሚጣ ይለኛል፣ ጠበሉን ጠየቀችኝ።

መጨረሻ የሄድነው አጋሮ ነው፣ አጎታችን ጋ፣ የበሬውን ብር ይዘን። ጥቅምት ነው፣ ቡናው መቅላት ጀምሯል። ብሩን ጋሼ በሁለት እጁ ሰጣቸው። ሳይቆጥሩ ትራስ ስር አስገቡት። ቡና ተቆላ፣ አቦል ተጠጣ፣ ስለ ዋጋ ተወራ፣ ስለ ዝናብ ተወራ። ከዛ አጎታችን "እህ፣ በል ንገረኛ፣ ምኑ ነው ያዳነህ?" አሉት። ጋሼ ጸሎት የሚል መስሎኝ ነበር። ሲኒውን አየው። "መርፌ ነው አባባ" አለ። "የምን መርፌ?" "ፔኒሲሊን።"

አጎታችን ሰማንያ አልፈዋል። ዝም አሉ። ረከቦቱ ጋ ያለችው ልጅ ጀበናውን አንስታ እየጠበቀች ነው። ጋሼ ቀና ብሎ አላያቸውም።

"አባቴም ወሸባ ገብቶ ነበር" አሉ፣ "እኔ ልጅ ሆኜ። አንድ ክረምት ሙሉ። ምግቡን በር ላይ አስቀምጬለት የምመለስ እኔ ነበርኩ።" ሲኒያቸውን ለቶና ዘረጉ።